የጋይንት መንገድና የመንገደኞቹ መጻሕፍት

በዓለም ላይ ስለ ተራራ ጉዞ የተጻፉት መጻሕፍት እጅግ ብዙ ናቸው። ከነዚህም ውስጥ በአውሮፓ ሊቃውንት ዘንድ ከሁሉ ቀዳሚ ተብሎ የሚከበረው ኢጣሊያዊው ባለቅኔ ፔትራርካ በ1336 ከወንድሙ ጋር ሞንት ቫንቱ በሚባለው ተራራ ላይ ስለ መውጣቱ የጻፈው ደብዳቤ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።) ተራራው 2,000 ሜትር የማይሞላ ስለ ሆነ ጫፉ ከደብረ ታቦር ከተማ እንኳ ዝቅ ያለ ነው። ይልቁንም ልብ ሊባል የሚገባው ነገር በደብዳቤው ውስጥ ይገኛል። ባለቅኔው ተራራውን ሲጀምር አንድ ሽማግሌ እረኛ አገኘ፤ እረኛውም ከ50 ዓመት በፊት እርሱ ራሱ እስከ ጫፉ ድረስ ወጥቶ እንደ ነበረና ድካምና የተቀደደ ልብስ ብቻ ይዞ እንደ ተመለሰ ነግሮ እንዳይወጡ መከራቸው። ፔትራርካ ይህን ሳይደብቅ ጻፈው። ዓለም ግን የባለቅኔውን ስም ይዞ የእረኛውን ስም ሳይጠይቅ ቀረ።

ይህ ታሪክ ስለ ተራራ ጉዞ የተጻፈውን መጽሐፍ ሁሉ ለመመርመር ጥሩ መስፈርት ይሆናል። መንገደኛው ምን ያህል እንደ ደከመ፥ ምን ያህል ገደል እንደ ወጣ መጽሐፉ ራሱ ይናገራል። ከእርሱ አስቀድሞ በዚያ መንገድ የሄደው ማን እንደ ሆነ፥ ስለ ምንስ ይሄድ እንደ ነበረ ግን አንባቢው ፈልጎ ሊያገኘው ይገባል። የበጌምድርን ደጋ፥ ይልቁንም ከደብረ ታቦር ወደ ጋይንትና ወደ ዋድላ የሚወስደውን አገር በሚመለከት ይህ ጥያቄ የበለጠ ይከብዳል። በዚህ አገር መንገድ የተሠራው ለትምህርት ነውና።

ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር በሚያህል ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። በስተደቡብ ምሥራቅዋ የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ርብና ጉማራ ከርሱ ወገን ተነሥተው ወደ ጣና ይወርዳሉ። ከጉና ወዲያ ያለው የጋይንት አገር ነው። በጋይንት ቤተልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት፤ ድጓን በሌላ ቦታ የተማረ ሰው መምህር ነኝ ለማለት ወደዚያ ሄዶ ትምህርቱን አስመስክሮ ይመለሳል። ቆማና አጫብር ከሚባሉት የዜማ ቤቶች ይልቅ በብዙው የኢትዮጵያ ክፍል የተሠራጨው ዜማም ስሙን ከዚህችው ቦታ ወስዶ የቤተልሔም ዜማ ይባላል። ዙር አባ ደግሞ የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር ቤት ናት። ከጋይንት ወዲያ ዋድላ አለ፤ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር ስሙ የሚጠራ የቅኔ አገር ነው። እንግዲህ ደበሎውን ለብሶ አኮፋዳውን አንግቶ በዱላው ውሻ እየተከላከለ ከአንዱ መምህር ወደ ሌላው የሚሄደው ተማሪ ይህን ተራራ ለብዙ ዘመን በእግሩ ሲመላለስበት ኖሯል። በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ የለመነውን እየበላ ስለ ሄደ፥ ውሃው የት እንደሚገኝ፥ ማን እንደሚያሳድር፥ በክረምት የትኛው ወንዝ እንደማይሻገሩት ጠንቅቆ ያውቅ ነበር።

መንገዱ የጦርና የመንግሥት ሰዎችንም ያውቃል። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት በፈረንጅ ሠራተኞች ያሠሩትን ሴባስቶፖል የሚባለውን ወደ ሰባት ቶን የሚመዝን መድፍ በ1867 መጸው አስነሥተው፥ ገደሉን እያስቈፈሩና ድንጋዩን እያስፈለጡ፥ በጋይንትና በዋድላ አድርገው መቅደላ የደረሱት በ1868 በመጋቢት ወር ነበር። ተማሪ በጥቂት ቀን የሚያልፈው አገር ለንጉሡ ሠራዊት የወራት ሥራ ሆነበት። በዚያው ዓመት ከባሕር የመጣው የእንግሊዝ ሠራዊት ወደ መቅደላ ሲቀርብ የጅዳን ገደል የተሻገረው ንጉሡ ባስጠረጉት መንገድ ነበረ። በመንገድ ላይ ቀዳሚና ተከታይ እንዲህ ይገናኛሉ።

ወደዚህ አገር ከመጡት የዘመናችን መንገደኞች ውስጥ የቶማስ ፓኬንሃም መጽሐፍ በቅድሚያ ሊመረመር ይገባል። ፓኬንሃም ትውልዱ ከአየርላንድ መኳንንት ወገን ሲሆን በኦክስፎርድ ትምህርቱን እንደ ጨረሰ በ1955፥ ገና 22 ዓመት ሲሆነው ወደ ኢትዮጵያ መጣ። የመጣበትም ምክንያት የነገሥታት ልጆች ይጠበቁባቸው የነበሩትን አምባዎች፥ ይኸውም በአምባሰል ወገን ያለውን ግሸንንና በጎንደር ነገሥታት ዘመን የታወቀውን ወኅኒን ለመፈለግ ነበር። የጉዞውን ታሪክ በ1959 በእንግሊዝኛ አሳተመ፤ ስሙንም «የራሴላስ ተራሮች» አለው። በኋላ ስለ አፍሪካ መቀራመትና ስለ ቦወር ጦርነት ትልልቅ መጻሕፍት የጻፈው ይኸው ሰው ነው፤ ይህ ግን የበኵር ሥራው ነው።

መጽሐፉ ሊመሰገን የሚገባው ነገር አለው። በዚያ ዘመን ወደ ሩቅ አገር ከሚሄዱት ብዙዎቹ አውሬ ለማደን ወይም ከፍታ ለመለካት ይሄዱ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት፥ በ1953፥ ሂላሪና ቴንዚንግ ኤቨረስትን ስለ ወጡ ዓለም ሁሉ ስለ ተራራ ቁመት ያወራ ነበር። ይህ ወጣት ግን ወደ ተራራ የወጣው አሮጌ ታሪክ አንብቦ ነው። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ስለ ነገሥታት ልጆች አምባ የጻፈው፥ ከእርሱም በኋላ የመጡት የጻፉት ቃል እውነት እንደ ሆነ በእግሩ ሄዶ ለማየት ፈለገ። መጽሐፍን በመንገድ፥ መንገድንም በመጽሐፍ መመርመር የሊቅ ጠባይ ነው። ስለዚህ ነገር መጽሐፉ ከብዙዎቹ የጉዞ መጻሕፍት በላይ ይቈማል።

ዳሩ ግን ስሙ ነቀፋ አለበት። ራሴላስ የሚባለው መስፍን በኢትዮጵያ ታሪክ የለም። እንግሊዛዊው ሊቅ ሳሙኤል ጆንሰን ኢትዮጵያን በዓይኑ ሳያይ በ1759 የፈጠረው የልብ ወለድ ሰው ነው። ጆንሰን ከዚያ አስቀድሞ በ1735 ኢየሱሳዊው ጀሮኒሞ ሎቦ ስለ ኢትዮጵያ የጻፈውን ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ነበርና ከዚያ ያገኘውን ወሬ ለምክርና ለተግሣጽ የሚሆን ተረት አደረገው። ተረቱም መልካም ስለ ሆነ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውት የኢትዮጵያ አንባቢ ያውቀዋል። ፓኬንሃም መጽሐፉን ያሳተመው ልክ ተረቱ በወጣ በ200 ዓመቱ ነው። በለንደን ያለ አንባቢ ግሸንና ወኅኒ ቢሉት አያውቅም፥ ራሴላስ ቢሉት ግን ያውቃል፤ ስለዚህ ስሙ ለገበያ ጠቅሞት ይሆናል። ነገር ግን በቅኔ ቤት ሰሙ ወርቁን የሸፈነበት ቅኔ ይነቀፋል። ግሸን የግማደ መስቀሉ ማረፊያ ሆና ምእመናን በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን የሚሳለሟት ደብር ናት፤ ወኅኒም የስንት መሳፍንት ዕድሜ ያለቀበት አምባ ነው። እነዚህን ተራሮች ላልነበረ መስፍን ርስት አድርጎ መስጠት የእውነተኞቹን ባለቤቶች ስም ማጥፋት ነው። ደግነቱ የመጽሐፉ ሆድ ከስሙ ይሻላል፤ ተረቱን ይዞ ቢነሣም የሄደው እውነተኛውን አምባ ፍለጋ ነውና።

ከስሙ ይልቅ ብዙ ክርክር የሚገባው የቤተልሔም ነገር ነው። ፓኬንሃም በዚሁ ጉዞው ወደ ጋይንት ደርሶ የቤተልሔምን ቤተ ክርስቲያን አየ። ከውጭ ሲያዩት እንደ ብዙው የደጋ ቤተ ክርስቲያን ክብና የሣር ክዳን የለበሰ ነበረ። ወደ ውስጥ ሲገቡ ግን በክቡ ቤት መካከል በመካከለኛው ዘመን የተሠራ አራት ማዕዘን ያለው ጥንታዊ ሕንፃ ቆሞ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ በአውሮፓ መጻሕፍት ቤተልሔምን ያገኛት ፓኬንሃም ነው ተብሎ ይነገራል። ለሊቃውንቱ ቤት ይህ ቃል እንግዳ ነው። የድጓ መምህራን ሊመሰክሩባት በየዘመኑ የሚሄዱባትን፥ ዜማዋ ስምዋን ይዞ በየደብሩ የሚዜምላትን ቦታ በ1955 ጠፍታ ተገኘች ማለት እንደምን ይቻላል?

ቢሆንም ነገሩን በቍጣ ከመጣል በሚዛን ማየት ይሻላል። አገኘ፥ አስተዋለ፥ አስታወቀ የሚባሉት ሦስቱ ግሶች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ትርጉም አላቸው። ፓኬንሃም ቤተልሔምን አገኘ ቢባል ሐሰት ነው፤ ካህናቱ ሌሊት ማሕሌት ሲቆሙባት፥ ቀን ሲቀድሱባት ኖረዋልና። በሣሩ ክዳን ሥር ያለው ሕንፃ በዕድሜው ከክቡ ቤት እጅግ እንደሚቀድም አስተዋለ ቢባል ግን እውነት ነው፥ ምስጋናም ይገባዋል። ለውጭ አገር የሕንፃ ተመራማሪዎች አስታወቀ ቢባልም እውነት ነው፤ የቤተልሔም ስም ወደ እነርሱ መጻሕፍት የገባው በእርሱ ነውና። ነቀፋው ሁለቱን እውነተኞች ግሶች ትቶ ሐሰተኛውን በያዘው አነጋገር ላይ ይወድቃል። የግእዙ ቋንቋ ራሱ በዚህ ነገር ይፈርዳል። በግእዝ ረከበ ማለት አገኘ ነው፤ አማርኛ ከዚያው ሥር ተረከበ የሚለውን አወጣ፤ ትርጉሙም ከያዘው ሰው እጅ ተቀበለ ማለት ነው። የቤተልሔምን ሕንፃ ያየ መንገደኛ በግእዙ ረከበ ቢባል እንኳ በአማርኛው ተረከበ ሊባል ይገባዋል፤ አስረካቢው ማን እንደ ሆነም አብሮ ይጻፋል።

ሕንፃው ራሱ በቅኔ ቤት ሰው ዓይን ሲታይ እንደ ውስጠ ወይራ ነው። ውስጠ ወይራ በሚባለው የቅኔ መንገድ ላይ ላዩን የሚሰማው ቃል ሌላ፥ በውስጡ የተሸሸገው ምሥጢር ሌላ ነው፤ ምሥጢሩን የሚያወጣው መምህሩን የጠየቀ ተማሪ ነው። በቤተልሔም ላይ ላዩን ክብ ቤት ይታያል፥ ከውስጡ አራት ማዕዘኑ ይገኛል፤ ከአራት ማዕዘኑም ውስጥ ደግሞ ዓይን የማያየው፥ ጆሮ ብቻ የሚሰማው ድጓው አለ። ለሕንፃ የመጣ መንገደኛ ሁለተኛውን ካየ ብዙ አይቷል። የቦታዋ ክብር ግን በሦስተኛው ነው፤ እርሱንም ለማግኘት ዓመታት ተቀምጦ መማር ያስፈልጋል እንጂ በበቅሎ ደርሶ መመለስ አይበቃም።

እንዲህ ያለው የቀዳሚነት ክርክር በኢትዮጵያ ምድር አሮጌ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በኅዳር 1770 ግሽ ዓባይ ደርሶ የዓባይን ምንጭ ከአውሮፓ ሰዎች ሁሉ በፊት አየሁ ብሎ ተመካ። ነገር ግን ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ በ1618፥ ከርሱም በኋላ ሎቦ ምንጩን አይተው ጽፈው ስለ ነበረ ብሩስ በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ቀዳሚዎቹን ለማስተባበል ብዙ ደከመ። የብሩስ መጽሐፍ ስለ ጎንደር ቤተ መንግሥት የያዘው ወሬ ለታሪክ እጅግ ጠቅሟል፤ ይህ ትምክሕት ግን በመጽሐፉ ላይ እንደ ጉድፍ ቀርቷል። ሁለቱ ወገኖች ስለ መጀመሪያ ተመልካችነት ሲከራከሩ፥ ከሁለቱም አስቀድሞ በምንጩ ዳር ሲኖር የነበረው የሰከላ ሰው ምስክር ሆኖ አልተጠራም።

ከዚህ ተቃራኒ የሆነ መልካም ምሳሌም አለ። በቬኒስ አገር የነበረው መነኩሴ ፍራ ማውሮ በ15ኛው መቶ ዓመት መካከል ታላቁን የዓለም ካርታ ሲሠራ፥ ስለ ኢትዮጵያ የጻፈውን ከዚያው አገር ከመጡ የሃይማኖት ሰዎች እንደ ተቀበለ በካርታው ላይ አስታውቋል። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያም አሌሳንድሮ ዞርዚ የሚባል ሌላ የቬኒስ ሰው፥ ወደ ኢየሩሳሌምና ወደ ሮም በእግራቸው የመጡትን ኢትዮጵያውያን መነኮሳት እየጠየቀ የመንገዳቸውን ማረፊያ ተራ በተራ ጽፎ አቆየ፤ ይህም ጽሑፍ በ1958፥ የፓኬንሃም መጽሐፍ ሊወጣ አንድ ዓመት ሲቀረው፥ በእንግሊዝ አገር ታትሟል። እንግዲህ አውሮፓ የኢትዮጵያን ተራራ በካርታ ያወቀው አስቀድሞ ከመነኮሳት እግርና አፍ ነው። ፍራ ማውሮና ዞርዚ ይህን ስላልደበቁ ሥራቸው እስከ ዛሬ ይታመናል።

ከፓኬንሃም በኋላ የመጣችው አየርላንዳዊቱ ዴርቭላ መርፊ ናት። ይህች ሴት በ1963 ከአገርዋ እስከ ሕንድ በብስክሌት የሄደች ብርቱ ሰው ስትሆን፥ በ1966 መጨረሻ ከምጽዋ ተነሥታ አንዲት በቅሎ ጭና በትግራይ፥ በስሜን፥ በጎንደርና በላስታ ደጋ አድርጋ እስከ አዲስ አበባ በእግርዋ ተጓዘች። መጽሐፍዋ «በኢትዮጵያ ከበቅሎ ጋር» በ1968 ታተመ። ትምህርትዋ እንደ ፓኬንሃም የታሪክ አይደለም፤ የምትፈልገው አምባም ሆነ ሕንፃ የላትም። መጽሐፉ የዕለት ማስታወሻ ስለ ሆነ ፍርድዋ አንዳንድ ጊዜ ድካም ያለበት የማታ ፍርድ ነው፤ ዛሬ የተቈጣችበትን ነገ ስታመሰግነው ይገኛል። ግን በአንድ ነገር ፓኬንሃምን ትበልጠዋለች። ያለ አጃቢ በየባላገሩ ደጅ እየደረሰች የእግዚአብሔር እንግዳ ሆና ማደርዋ ከቆሎ ተማሪው ኑሮ ጋር ያመሳስላታል። በየቤቱ የሚያድር ሰው አገሩን ከውስጥ ያየዋል፤ ስለዚህ መጽሐፍዋ ከተራራው ይልቅ በተራራው ላይ የሚኖረውን ሰው ያሳያል። የደጋው ሰው ለእንግዳ ያለውን ደግነትም ሆነ ጥርጣሬ ሳታጣፍጥ ትናገራለች።

የነዚህ ሁለቱ መጻሕፍት ጓደኛ ሊሆን የሚገባው ሦስተኛው መጽሐፍ የአገር ውስጥ ነው። ባለቅኔውና ጸሐፌ ተውኔቱ መንግሥቱ ለማ የአባታቸውን የአለቃ ለማ ኃይሉን ቃል ከአንደበታቸው ተቀብለው «መጽሐፈ ትዝታ» ብለው በ1959 ዓ.ም. አሳተሙት። አለቃ ለማ በዚህ መጽሐፍ የተማሪነት ዘመናቸውን፥ ከመምህር ወደ መምህር መዞራቸውን፥ የሰሙትን የነገሥታት ታሪክና የሊቃውንቱን ቅኔ በሽምግልናቸው ይተርካሉ። የቍጥሩ መገጣጠም የኅብር ቅኔ ይመስላል፤ የፓኬንሃም መጽሐፍ በፈረንጅ 1959፥ የአለቃ ለማ በኢትዮጵያ 1959 ወጣ፤ ቍጥሩ አንድ ሲሆን ዘመኑ ሰባት ዓመት ይራራቃል። አመለካከቱም እንዲሁ ይራራቃል። ለፓኬንሃም መንገዱ ራሱ ታሪክ ነው፤ ወንዝ በተሻገረ ቍጥር ምዕራፍ ይወጣዋል። ለአለቃ ለማ መንገዱ ወደ መምህሩ ደጅ የሚያደርስ ነገር ነው፤ ዋናው ወሬ ከደጁ ወዲያ ይጀምራል። የፈረንጁ ተራራ መድረሻ ነው፥ የተማሪው ተራራ ማለፊያ ነው።

በሥነ ጽሑፍ ሚዛን ከሦስቱ የትኛው ይበልጣል ቢባል፥ ስለ አገሩ ሊቃውንት ሕይወት ለማወቅ ለሚፈልግ ሰው ያለ ጥርጥር «መጽሐፈ ትዝታ» ይበልጣል። የቃሉ ጣዕም፥ ጨዋታው፥ የሰዎቹ ጠባይ እንደ ሕያው ሆኖ ይታያል፤ የተናጋሪው ድምፅ ከወረቀቱ ላይ ይሰማል። ነገር ግን የመንገድ መጽሐፍ ልሁን ብሎ አልተነሣምና መንገዱን ከርሱ መጠበቅ አይገባም። በዚህ በኩል የአገሩ ሥነ ጽሑፍ ጕድለት አለበት። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ወደ አውሮፓና ወደ ጃፓን የተደረገውን ጉዞ በመልካም አማርኛ ጽፈው ለትውልድ አቆዩ። ከደብረ ታቦር ወደ ቤተልሔም፥ ከቤተልሔም ወደ ዙር አባ፥ ከዚያም ወደ ዋድላ ስለሚደረገው ጉዞ ግን እንዲሁ ያለ መጽሐፍ አይጠቀስም። ሁሉም የሚያውቀው መንገድ ስለ ሆነ ለመጻፍ የሚገባ አልመሰለም። የታወቀ ነገር ግን አዋቂዎቹ ሲያልፉ አብሮ ያልፋል።

ጕዳዩ አሁን የሚያስቸኵለውም በዚህ ምክንያት ነው። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በጋይንት አልፎ ወደ ወልዲያ የሚሄደው የመኪና መንገድ ከተሠራ ወዲህ፥ አባቶቹ ቀናት ይሄዱበት የነበረውን አገር ተማሪው በመኪና በጥቂት ሰዓት ያልፈዋል። ይህ በረከት ነው፤ በውርጭና በረኃብ በመንገድ የቀሩትን የሚያስብ ሰው ሁሉ ያመሰግናል። ሆኖም መኪናው የማይደርስባቸው የምንጭና የመሻገሪያ፥ የዋርካና የማደሪያ ስሞች በቃል ብቻ የቈዩ ስለ ሆኑ፥ በእግራቸው የሄዱት ሽማግሎች ሲያልፉ ይጠፋሉ። በአንጻሩ በዚህ በ21ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በጎረቤት በመቄት የገጠር ሰዎች በማኅበር ሆነው ለእግረኛ እንግዶች ማደሪያ መሥራት ጀምረው ነበር፤ በስሜን ተራሮችም ስለሚደረገው የእግር ጉዞ በውጭ ቋንቋ የተጻፈው መምሪያ ብዙ ነው። ለእንግዳው መንገዱ ተጽፎለት ለባለቤቱ ሳይጻፍ ከቀረ፥ ነገ የጋይንት ልጅ የአያቱን መንገድ ከእንግሊዝኛ መጽሐፍ ይማራል፤ በዚያም ውስጥ ቤተልሔም በ1955 ተገኘች የሚል ቃል ያነባል።

ስለዚህ የፓኬንሃም መጽሐፍ ሊነበብ ይገባዋል፤ በትጋቱ ያስተማረውን ሊቅም ሆነ የከተማ ሰው ሊንቀው አይገባም። የመርፊም መጽሐፍ ይነበብ፤ የደጋው ሰው በእንግዳ ዓይን እንዴት እንደሚታይ ይገልጣልና። ነገር ግን አንባቢ ሁለቱንም ሲያነብ «መጽሐፈ ትዝታ»ን በአጠገቡ ያኑር፤ በሦስቱ መካከል ያለውን ባዶ ቦታም ያስተውል። ያ ባዶ ቦታ የሚሞላው በብዙ ወጪ አይደለም። በቤተልሔምና በዙር አባ የተማሩ፥ ከደብረ ታቦር ጀምረው በእግራቸው የሄዱ መምህራን በሕይወት ሳሉ አንድ ደብተር የያዘ ደቀ መዝሙር በፊታቸው ይቀመጥና የመጀመሪያው ቀን ማደሪያ የት ነበረ፥ ውሃው ከየት ይቀዳ ነበር፥ ያሳደራችሁ ማን ነበር ብሎ ይጠይቅ። የሰጡትንም መልስ ከነስማቸው ይጻፍ።